ጌም ቤቱ ይዘጋ የሚለውን ወረቀት ለምን አልፈረምኩም

ባለፈው ወር ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ ወረቀት እጄ ገባ። እዚህ ቡሹሎ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች እንዲዘጉ ቀበሌውን የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። «ለልጆቻችን ግድያ የሚያስተምሩ» ይላል። ከሥሩ አርባ የሚሆን ፊርማ አለበት። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹን አከብራለሁ፤ ሁለቱ እኔን ራሴን ያስተማሩኝ ናቸው። እኔ ግን አልፈረምኩም። ወሬው ሲሰማ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ እጄን ጨብጣችሁ «ጎበዝ!» አላችሁኝ። ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ከእናንተም ጋር ጠብ አለኝ።

መጀመሪያ ከፈራሚዎቹ ጋር ልጨርስ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ጉዳይ ሲነሣ «አፊኒ?» ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ? ማለት ነው። ሳይሰሙ መፍረድ የለም። እኔም ያገኘኋቸውን ፈራሚዎች ጠየቅኳቸው፤ የትኛውን ጌም አያችሁ? አንድ አባት በበሩ ሲያልፉ የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። አንዲት እናት ልጃቸው የደብተር መግዣውን እዚያ ጨርሶ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን የገንዘብና የጊዜ ችግር ነው እንጂ የግድያ አይደለም። ልጃቸውን ጠይቄው ነበር፤ የሚጫወተው ኳስ ብቻ ነው!

ደግሞስ እኛ ወንጌላውያን «ይዘጋ» የምትለዋን ቃል ለመናገር ምላሳችን ሊከብደን አይገባም? የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ሲወርሰው ምክንያት አላጣም፤ ለአብዮቱ ያስፈልጋል አለ፣ ስሙንም ለወጠው። ጸሎት ቤቶች ታሽገው ወላጆቻችን በየጓዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩም ያሸጋቸው ሰው ሕዝቡን እየጠበቀ እንደሆነ ይናገር ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በንጉሡ ዘመንም የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዷል። «ልብ ወለድና ጌም አንድ ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ አይደሉም። መቀሱ ግን ያው መቀስ ነው፤ ዛሬ ለጌም ብላችሁ ብትሰጡት ነገ ወደ መዝሙራችሁ ቢዞር ማንን ትከሳላችሁ?

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ ጌሙን ወደምትወዱትና «ኪነ ጥበብ ነው» ወደምትሉት። ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ወጣታችን የአሜሪካንን ነገር በሚገባ ነገረኝ። «ሞርታል ኮምባት» የሚባለው ጌም በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ በደሙ ብዛት አገር ተንጫጫ፤ በቀጣዩ ዓመት ነገሩ እስከ ሴኔት ደረሰ፤ በ1994 የጌም ሠሪዎቹ ራሳቸው በየካርቶኑ ላይ የዕድሜ ደረጃ የሚጽፍ አካል አቋቋሙ። ካሊፎርኒያ ግን ይህ አልበቃ ብሏት ኃይለኛ ጌም ለልጆች እንዳይሸጥ ሕግ አወጣች። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ ጌምም እንደ መጽሐፍና እንደ ቲያትር ሐሳብን መግለጫ ነው አለ። ወጣታችን ይህን ሲነግረኝ የተፈረደለት እሱ ይመስል ነበር።

ግን ፍርድ ቤቱ ያለው መንግሥት አይከልክለው ነው። መልካም ነው አላለም። እናንተ ሁለቱን አንድ አደረጋችኋቸው። ግጥም የምትጽፉ ሰዎች እንዴት ይህ ይሳታችኋል? አንድ ግጥም ጥበብ ነው ስለተባለ ጥያቄ ያልፈዋል? በዚህ መጽሔት ስብሰባ ላይ ለአንዲት ስንኝ ስትባባሉ አይቻችኋለሁ። ለሃምሳ ሰዓት ጨዋታ ግን አንድ ጥያቄ የላችሁም።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ደም የለበትም የሚል ካለ መጽሐፈ መሳፍንትን አላነበበም። ምዕራፍ 4 ላይ ኢያዔል መዶሻና የድንኳን ካስማ ይዛ የተኛውን ሲሣራን ስትገድለው ጸሐፊው ዓይኑን አልሸፈነም። በምዕራፍ 5 ዲቦራ የድል መዝሙር ትዘምራለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆማችሁ አስተውሉ። ያ መዝሙር በጠላት ሞት እየፈነጠዘ ሳለ ድንገት የሟቹን እናት ያሳየናል፤ በመስኮት አጠገብ ቆማ የልጇ ሠረገላ ለምን እንደዘገየ ትጠይቃለች። ዘማሪዋ አላዘነችላት ይሆናል። ግን አየቻት። የተገደለው ሰው የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፤ የደሙ ብዛት አይደለም፤ ያቺ እናት መኖር አለመኖሯ ነው።

በዚህ መለኪያ ጌም ቤቱ ገባሁ። ለአንድ ሰዓት ከፍዬ ከሰንበት ትምህርት ተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ጂቲኤ» እየተጫወተ ነበር፤ ሳን አንድሪያስ የሚባለውን የ2004ቱን። በእግረኛ መንገድ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ በዱላ መታ። ሽማግሌው ወደቀ፤ ከላዩ ብር ወጣ፤ ልጁ ብሩን ለቅሞ ሄደ። ዞር ብሎ ሲመለስ ሬሳው የለም። «የት ሄደ?» አልኩት። «ይጠፋል እኮ ቲቸር፤ ጌም ነው» አለኝ፣ በትዕግሥት፣ እንደ ማያውቅ ሰው። በዚያች ከተማ መስኮት አጠገብ የቆመች እናት የለችም። ልጁ ነገ ዱላ ይዞ ይወጣል አላልኩም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃ የለኝም፣ የማመልከቻው ጸሐፊዎችም የላቸውም። ያልኩት ይህ ሥራ በኪነ ጥበብነቱ ስለ ሰው ሕይወት የሚናገረው ውሸት ነው ነው። ከመጽሐፉ የሚለይበትንም አትርሱ፤ መሳፍንትን ስታነቡ መዶሻው በእጃችሁ አይደለም። እዚህ ቁልፉን የምትጫኑት እናንተው ናችሁ።

ይህ ግን ለሁለት ይሠራል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ፖላንዶች «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» የሚል ጌም ሠሩ፤ ከሳራዬቮ ከበባ የተነሣ ነው። ተጫዋቹ ወታደር አይደለም፤ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን ነው የሚመራው። አንድ ሌሊት ምግብ ሲያልቅ የሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ትገባላችሁ። መዝረፍ ትችላላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። በማግስቱ ግን የላካችሁት ሰው ቁጭ ብሎ ይተክዛል፣ ሥራ አልይዝ ይለዋል። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህን ጌም ለትምህርት ቤት ንባብ ከሚመከሩት ሥራዎች ጋር እንደሚያስገባው አስታወቀ። ይዘጋ ብለን ብንፈርም ይህንንም አብረን ነው የምንዘጋው። (የእኛ ሰዎችም ጌም ሠርተዋል። «ሌፍት ቢሃይንድ» ተብሎ በ2006 የወጣው ክርስቲያናዊ ጌም ተኩስ ነበረበት፤ የተጨቃጨቁበትም ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለዚህ ዓለምን ብቻ አንውቀስ።)

ለምን እንዲህ እንደሚከነክነኝ ታውቃላችሁ። ሎቄ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰልፈኞች ላይ ጥይት ሲተኮስ እዚህ ሠፈር በየበሩ የቆሙ እናቶች ነበሩ። በሰኔ 2010 በዚህችው ሐዋሳ ሰዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ እንደገና ቆሙ። በዚያ ሰሞን ጥፋቱን ከጌም ቤት የፈለገ ሰው አላየሁም፤ ማንም ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበርና። እናንተ በዚያን ጊዜ ልጆች ነበራችሁ። ሬሳ እንደማይጠፋ ማንም ሊያስተምራችሁ አይገባም ነበር።

የጌም ቤቱን ባለቤት አነጋግሬዋለሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑት «ጂቲኤ» ላለመክፈት፣ በትምህርት ሰዓትም ዩኒፎርም የለበሰ ላለማስገባት ተስማምቷል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን ሲከለክል የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊኖር እንደሚችል ይላል፤ የእኛ ስምምነት ሕግ አይደለም፣ ግን ከማኅተም ይሻላል። የፖላንዱንም ጌም ከአንድ ወንድም ኮምፒውተር ላይ አስጭነናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት እዚያው ጌም ቤት ነኝ። ፈራሚዎቹንም ጋብዣለሁ፤ እስካሁን እመጣለሁ ያሉት የደብተሩ ልጅ እናት ብቻ ናቸው።