የአፍንጫ መድኃኒት ጾም ያስፈታል?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቱላ ተራዊህ እየሰገድን ከሴቶች በኩል ጩኸት ተሰማ። አንዲት እናት ልባቸው ድንገት መሮጥ ጀምሮ ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ገሚሱ «ጂን ነው፣ ይቀራባቸው» አለ። ቀራን፤ ቁርኣን ሺፋ መሆኑን እናምናለን። ያን ሌሊት ግን ሮጦ ባጃጅ ያመጣው ወጣት ከሁላችን የበለጠ ሠራ። ሆስፒታል በደም ሥር መድኃኒት ሰጧቸው፤ ልባቸው ረጋ። ለካስ ሕመሙ ለዓመታት ሲመላለስባቸው ከልጆቻቸው ደብቀውት ኖረዋል፤ «አትጹሚ ይሉኛል» ብለው።

በማግስቱ ልጃቸው ስልኩን ይዞ መጣ። «ሸይኻችን፣ አሜሪካ በአፍንጫ የሚነፋ የልብ መድኃኒት ወጥቷል። ጾም ያስፈታል?»

ወሬው እውነት ነው። ኢትሪፓሚል ይባላል፤ ከልብ የላይኛው ክፍል ለሚነሳ ድንገተኛ ፈጣን ምት በሽተኛው ቤቱ ሆኖ ራሱ የሚነፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ ከተጠቀሙት 64 በመቶ የሚሆኑት ልባቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ልኩ ተመልሷል፤ መድኃኒት የሌለበትን ከነፉት ግን 31 በመቶ ብቻ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም በዲሴምበር 2025 ፈቅዶታል። ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ሆስፒታል መድረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ተስፋ አይንቅም። እኛም እንጠብቃለን።

ነገር ግን ለሁሉም የልብ ምት መዛባት አይሆንም። በአገራችን ብዙ ቤት የገባው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። የልብ በር ሲጠብ የላይኛው ክፍል ይርገበገባል፣ ደም ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሐኪም ያዘዘው ዋርፋሪን ረመዳን ነው ተብሎ አይዘለልም። ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጂዳ ላይ በአፍንጫ የሚጨመርና የሚነፋ መድኃኒት፣ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡት ድረስ፣ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ያፈርሳል የሚሉ ዓሊሞችም አሉ። ለልጁ የነገርነው ግን ሌላ ነው፦ ልባቸው እየሮጠ ስለ ጾማቸው ለምን ይጨነቃሉ? ሱረቱል በቀራህ 184ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው በሩን ከፍቷል። ያፍጥሩ፤ ሲሻላቸው ቀዳእ ያውጡ፣ የማይሽር ከሆነም ፊድያ አለ። አላህ ያገራውን እኛ ለምን እናከብደዋለን?

ቅር የሚለው ቢኖርም አንድ ነገር እንጨምር። ከተራዊህ በኋላ እስከ ሱሁር ጫት ይዞ መቀመጥ፣ በላዩም ቡና መደራረብ፣ ያለ እንቅልፍ ማደር የጤነኛውንም ልብ ያስሮጣል። የልብ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ይህን ማየት አንፈልግም።

ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ከተራዊህ እስከ ሱብሒ ስልካቸውን ላያጠፉ ቃል ገብተውልናል። እናትየዋ ሐኪማቸው እስኪፈቅድ አይጾሙም። የቤቱን የኢፍጣር ሳምቡሳ ግን ዘንድሮም የሚጠብሱት እሳቸው ናቸው።