ትምህርቱ በሠንጠረዥ ወጥቶ ይታረም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ያባቶቻችን ተረት በኮምፒዩተር ለሚሰጠው ትምህርትም የሚስማማ መሆኑን ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ዘንድሮ የፊዚክስ መልመጃ በኢንተርኔት ስንሠራ፥ «ከማማ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ በ2 ሴኮንድ ስንት ሜትር ይወርዳል?» የሚል ጥያቄ ነበረ። የመሬት ስበት 10 ተብሎ ተሰጥቶ ነበርና ጓደኛዬ አስልቶ 20 ሲል መለሰ። ማሽኑ ግን «ስሕተት፤ መልሱ 40 ነው» አለው። ጓደኛዬ የተጠራጠረው ማሽኑን ሳይሆን ራሱን ነው፤ ቤቱ ገብቶ ትክክለኛውን ስሌት ትቶ የተሳሳተውን አጠና። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነገሩ ሲመረመር፥ መልሱን ያስገባው ሰው በግማሽ ማባዛቱን ዘንግቶ ተገኘ። ማርኩ ተመለሰለት፤ በራሱ ላይ የነበረውን እምነት ግን ማን ይመልስለታል?

ይህ የመጣው ከመምህራን ስንፍና አይደለም። ጥያቄዎቹ እያንዳንዳቸው በየገጻቸው ተሸሽገው ስለሚቀመጡ፥ አንዱን ከፍቶ አይቶ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ የጻፈው ሰው ብቻ ያነበዋል፤ የራስን ስሕተት ማየት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ያወጣው ሙድል የተባለው ፕሮግራም ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ለማውጣት ያስችላል። ይኸንኑ ወደ ኤክሴል አዛውሮ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ረድፍ መስጠት ነው። ዓምዶቹም ምዕራፍ፥ ጥያቄ፥ መልስ፥ የአራሚው ስምና አስተያየት ይሁኑ። ያን ጊዜ አራት ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው፥ ማን ምን እንዳየና ምን እንደ ቀረ በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ፋይሉ ሲከፈት ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለው የፊደል አጻጻፍ ካልተመረጠ፥ የግዕዝ ፊደላችን ተበላሽቶ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ሁለተኛ፥ ዓምዱ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ካልተባለ፥ ኤክሴል 3/4 የሚለውን ክፍልፋይ የወርና የቀን ቍጥር አድርጎ ይለውጠዋል። ሦስተኛ፥ ጊፍት በሚባለው የሙድል አጻጻፍ ትክክለኛው መልስ በእኩል ምልክት ስለሚጀምር፥ ኤክሴል ቀመር መስሎት ይሳሳታል። ሥዕሎችም ወደ ሠንጠረዡ አይገቡምና እነርሱን በገጻቸው ማየት ግድ ነው።

«መልሱ አስቀድሞ በተማሪው እጅ ይገባል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። ነገር ግን የ9ኛ ክፍሉን ጥያቄ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ሆነው ቢያርሙት ማን ይጎዳል? እኛም የቀድሞውን ትምህርት እንከልሳለን፥ ታናናሾቻችንም ከከንቱ ጥርጣሬ ይድናሉ። የታረመውም በሠንጠረዡ ላይ ብቻ እንዳይቀር፥ ወደ ዋናው ቦታ የሚመልስ አንድ ኀላፊ ይመደብ። ይህ ካልሆነ ድካማችን ሁሉ ውኃ በወንፊት ይሆናል።

መታረም ውርደት አይደለም። የሚያሳፍረውስ እውነቱን የመለሰውን ልጅ «ተሳስተሃል» ብሎ መስደድ ነው። እንግዲህ መምህራኖቻችን በሩን ይክፈቱልን፤ እኛም በሚመጣው ክረምት ከጨዋታችን ጥቂት ሰዓት ቀንሰን እንርዳቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና።