አዲስ ለጋሽ ከመፈለጋችሁ በፊት የድሮውን ደብተር አውጡ

ባለፈው ወር ሞያሌ አንድ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የጠራን ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያበላና የሚያስተምር በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ያጠፉት ነገር የለም። አጀንዳው «የገቢ ማሰባሰቢያችንን ማደስ» ይላል። እድሳቱ ምን መሰላችሁ? አዲስ አርማ፣ አዲስ ቲሸርት፣ ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ የእራት ግብዣ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘፋኝ። ወጪውን እዚያው በስልኬ ደመርኩት። ልጆቹን አራት ወር ያበላል።

እጄን አውጥቼ አንድ ነገር ጠየቅሁ፦ «የድሮ ለጋሾቻችሁ ደብተር የት አለ?»

ዝም ተባለ። ጸሐፊው ቆይቶ ከቁም ሣጥን ውስጥ ጥጋ ጥጉ የተበላ ደብተር ይዞ መጣ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሰጡ የ43 ሰዎች ስም አለበት፤ የእኔም አለ። ደብተሩን ተውሼ ሦስት ማታ ስደውል አመሸሁ። ሁለቱ አርፈዋል፤ ማኅበሩ አያውቅም። የ11ዱ ስልክ አይሠራም። ካገኘኋቸው 30 ሰዎች አሁንም የሚሰጡት አራት ናቸው። ሦስቱ ንግዳቸው ስለወደቀ አቁመዋል፤ እግዜር ያንሣቸው። የቀሩት 23 ግን አላጡም፣ አልጨከኑም። «ገንዘቡ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም» ነው የሚሉት፣ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ሲያዝን።

ኢሲዮሎ ያለ የፍየል ነጋዴ እንዲህ አለኝ፦ «ገንዘብ ሲፈልጉ ሱቄን ስተውት አያውቁም። እናቴ ስትሞት ግን አንድ ሰው እንኳ ለቅሶ አልደረሰኝም።» ምን ብዬ ልመልስለት?

ከሁሉም አንጀቴን የበላችው ግን ኢስሊ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ እህታችን ናት። በየወሩ 2,000 ሽልንግ ለአንዲት ልጅ ትምህርት ትልክ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ወር ሳታጓድል። አንድ ቀን ከሞያሌ ጭነት ይዞ የመጣ ሹፌር ስለ ልጅቷ ስትጠይቀው፣ ልጅቷ አያቷ ዘንድ ከሄደች ዓመት እንዳለፋት ነገራት። «የተናደድኩት በመሄዷ አይደለም» አለችኝ። «አያቷ ዘንድ ከሆነች ደስ ይለኛል። የሌለች ልጅ ስም ይዘው ዓመት ሙሉ ገንዘቤን መቀበላቸው ነው።» ማኅበሩን ስጠይቅ ገንዘቡ ለሌሎች ልጆች ምግብ እንደዋለ ነገሩኝ። አምናቸዋለሁ። ታዲያ ያንን ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ዲፕሎማዬ የንግድ ሥራ ነው፤ የሄደ ደንበኛ ለምን እንደሄደ ሳያጣሩ አዲስ መፈለግ ኪሳራ እንደሆነ ተምሬያለሁ። ይህን ለማወቅ ግን ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። መደብ ላይ ቲማቲም የዘረጋች ልጅ ታውቀዋለች፤ ደንበኛዋ ሁለት ቀን ከቀረች «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ትላለች።

ሊቀመንበሩ ነገሩን ሲያስረዱን የውጭ እርዳታ መቆሙን አነሱ። እውነት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፣ ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ ያልተነካ ድርጅት ጥቂት ነው። ግን ልብ በሉ። ይኸው ማኅበር ለፈረንጁ ለጋሽ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ይጽፍ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በፎቶ፣ እያንዳንዱ ኩንታል በቆሎ ተቆጥሮ። ማድረግ ይችሉ እንደነበር ደስ ብሎኝ አይቻለሁ። ለእኛ ግን፣ ከቀን ገቢያችን 500 ሽልንግ ቆንጥረን ለምንሰጠው፣ አንዲት መስመር በአማርኛም ሆነ በስዋሂሊ አልተጻፈችም። የፈረንጁ ገንዘብ ሒሳብ ይጠየቅበታል፣ የእኛ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ይበቃዋል ማለት ነው? አሁን ፈረንጁ ሲሄድ «ወገን ለወገን» ብለው መጡ። ወገን ከነበርን ሪፖርቱን ያኔ ለምን አላሳያችሁንም?

እዚህ ላይ የእኛን የነጋዴዎችን ጉድም ልናገር። ደብተሩ ውስጥ «ቃል የገቡ» የሚል ዓምድ አለ፤ «የከፈሉ» ከሚለው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። ማይክ ስንይዝና ካሜራ ሲዞር 50,000 እንላለን፤ በማግስቱ ስልክ አናነሣም። እኔ ራሴ 15,000 ሽልንግ ቃል ገብቼ የከፈልኩት 5,000 ነው። ረስቼው ነበር ብል እዋሻለሁ። ቀሪውን ባለፈው ሐሙስ ላክሁ፤ ሳልከፍል ይህን መጻፍ አልቻልኩም። ኬንያ ውስጥ ሐራምቤው የፖለቲከኞች መታያ ሆኖ ሆኖ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የመንግሥት ሹማምንት እንዳይካፈሉበት እስከ መከልከል ደረሱ። የእራት ግብዣውን የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ ጭብጨባ የሚሰበስብ ግብዣ ብር አይሰበስብም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ላሉኝ መልሴ አጭር ነው። ዕድራችን ለምን አይፈርስም? ጸሐፊው ያነባል፣ ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል። ከዚህ የራቀ ጥበብ አልጠየቅሁም። ገንዘብ መላክ እንደሆነ ቀሏል፤ ኤም-ፔሳ ኬንያ ከገባ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቴሌብር ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አለ። ገንዘብ በላክሁ በደቂቃ ውስጥ ደርሷል የሚል መልእክት ይመጣልኛል፤ የሚመጣው ግን ከስልክ ኩባንያው ነው፣ ከማኅበሩ አይደለም። አንድ ሰው ይመደብ፣ ማታ ማታ ይደውል፣ ደረሰኝ ይላክ። በየወሩ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ምን እንደጎደለ በቴሌግራም ይለጠፍ። ዱቄቱ ነቅዞ ከተጣለም ይጻፍ፤ የእኔስ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነቅዞ አያውቅም? ያለቀሱ ልጆች ፎቶ ግን ይቅር። እነዚያ ልጆች ነገ አድገው እዚሁ ገበያ ከእኛ ጋር ይነግዳሉ፤ ፎቷቸው በሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ መዞር የለበትም።

ስብሰባው ግብዣውን አልሰረዘም፤ «ይታሰብበት» ተብሎ ተበተነ። እኔ ግን ኢስሊ ያለችውን እህታችንን መልሼ አናገርኳት። ደውለው ይቅርታ ከጠየቋት በሚቀጥለው ወር 2,000 ሽልንጓን እንደምትጀምር ነገረችኝ። የልጅቷን አያትም ስልክ ብታገኝ ደስ ይላታል። ቁጥሯን ለሊቀመንበሩ ከሰጠሁ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። አልደወሉላትም።