የእቁብ ብር እና ያልተከፈተው ካርቶን

ባለፈው ዓመት አክስቴ እቁብ ወጣላት፤ 65 ሺህ ብር። ቤተሰቡ የሚያውቀው የቤቱን ጣሪያ ልታስቀይርበት እንደሆነ ነበር። እሷ ግን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠውን ልጇን አስከትላ ገበያ ወጣችና ካሜራ ገዝታለት ተመለሰች። "ጣሪያው ለከርሞ ይደርሳል፤ ልጁ ሰርግ እያነሳ ራሱን ይቻል" አለች።

ሻጩ ሁለት ካሜራ አሳይቷት ነበር። አንዱ ያገለገለ፣ ጠርዙ የተፋቀ። ሌላው ካርቶኑ ያልተከፈተ። "እናቴ፣ ይሄኛው የሰው እጅ አልነካውም" ሲላት ነገሩ እዚያው አለቀ። በእሷ ቦታ ማንም እናት ብትሆን ያንኑ ታደርጋለች።

እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ማታ ደወለልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ካሜራው ፍላሽ አላበራ አለኝ።" በረዳትነት ሊያሠራው የተስማማ ሰርግ አንሺ አግኝቶ ነበር። ሰውየው ከካሜራው አናት ላይ የሚሰካውን የፍላሽ ማዘዣ ሰጠው። ሰካው። ልክክ ብሎ ገባ። ቁልፉን ሲጫን ካሜራው ያነሳል፣ ፍላሹ ግን ዝም። ባትሪ ቀየሩ፣ ሌላ ማዘዣ ሞከሩ፣ ያው ነው። ያን ቀን ሙሉ ፎቶ ሳያነሳ የሰው መብራት ይዞ ቆሞ ዋለ።

ሞዴሉን ጠየቅኩት። ካኖን 4000ዲ። ካሜራው አልተበላሸም፤ ሲሠራም እንዲያ ነው። ፍላሽ በሚሰካበት ማስገቢያ መሃል ላይ መኖር የነበረባት አንዲት ክብ የብረት ነጥብ አለች። ርካሾቹ ፍላሾችና ማዘዣዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በእሷ በኩል ነው። ካኖን ይህችን ነጥብ ከ4000ዲ፣ ከ2000ዲ እና ከ250ዲ ላይ አውጥቷታል። የካኖን የራሱ ፍላሽ በሌሎቹ ነጥቦች በኩል ይሠራል። ግን የካኖን ፍላሽ መግዛት የሚችል ሰው መጀመሪያውንም 4000ዲ አይገዛም።

ይህን የምጽፈው በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ለመተረክ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ወጣት "ካሜራ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?" ብሎ ይጽፍልኛል። ብዙዎቹ ብሩን ከእቁብ፣ ከእናት ወይም ዓረብ አገር ካለች እህት ያገኙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ አንዴ ተሳስተው ገዝተው እንደገና የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ በዚህ አገር በውስን ብር ሥራ ለመጀመር የሚገዛ ሰው ከአዲሱ ርካሽ ካሜራ ይልቅ ከእሱ በአንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ያገለገለ ካሜራ መግዛት አለበት። የተረፈው ብር ደግሞ ለሌንስ ይሁን።

ለምን እንዲህ እንደምል በሁለት ካሜራዎች ላሳይ። 4000ዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 700ዲ ደግሞ በ2013። ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ሻጭ "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ለሚል ገዢ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ግን የአምስት ዓመት ታላቁ ይበልጣል። 700ዲ ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበቱ ብረት ነው፤ የ4000ዲ ፕላስቲክ። 700ዲ በሰከንድ 5 ፎቶ ያነሳል፣ ያኛው 3። 700ዲ ስክሪኑ ይገለበጣል፣ በጣት ይነካል። የውጭ ማይክ መሰኪያ አለው፤ 4000ዲ የለውም። ያቺ የመሃል ነጥብም አለችው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዱ የተሠራው የተሻለ ካሜራ እንዲሆን ነው፣ ሌላው የተሠራው ዋጋው እንዲወርድ ነው። የወጣበት ዓመት ይህን አይነግራችሁም።

ማይኩን ዝም ብዬ ባልፈው ለሙያዬ ታማኝ አልሆንም። ዛሬ በፎቶ ብቻ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው፤ ሰርጉም ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ዩቲዩቡም ቃለ መጠይቅ ይፈልጋል። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ደግሞ ማንም አይከፍልበትም። ካኖን 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ቢኖረውም ማይክ አይሰካበትም። ኒኮን ደግሞ በዲ3300 ላይ የነበረውን የማይክ መሰኪያ ከዲ3400 ጀምሮ አንስቶታል፤ ዲ3500 ላይም የለም። ዲ5300 እና ዲ5600 ላይ አለ። ለፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ዲ3500 ባትሪው የማያልቅ፣ እጅ የማያደክም ግሩም ካሜራ ነው፤ ይህን አልክድም።

ኒኮን የምትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዲ3000ዎቹም ከዲ5000ዎቹም ውስጥ ሌንሱን የሚያዞር ሞተር የለም። "ኤኤፍ-ዲ" የተባሉትን የድሮ ሌንሶች ከገጠማችሁባቸው ትኩረቱን በእጃችሁ ማስተካከል ግድ ይሆናል። "ኤኤፍ-ኤስ" የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። ያለበለዚያ በርካሽ ያገኛችሁት ሌንስ የአክስቴን ልጅ ያገኘው ዓይነት ነገር ያመጣባችኋል።

ካኖን ወይስ ኒኮን የሚለው ክርክር እኔን አይማርከኝም። የእኔ መለኪያ አንድ ናት፦ ጓደኞቻችሁ ምን ይዘዋል? እኔ ሥራ ስጀምር ለሁለት ዓመት የሠራሁት በውሰት ሌንስ ነው። ያን ጊዜ የሚያውሰኝ ሰው ካኖን ስለያዘ ካኖን ገዛሁ። በቃ።

ስለ ሌንስ ከተነሳ፣ የብሩ ትክክለኛ ቦታ እዚያ ነው። ከካሜራው ጋር በካርቶኑ የሚመጣው 18-55 ሌንስ ቀን ቀን ደህና ነው። ችግሩ የእኛ ሥራ አብዛኛው ማታ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አምፖሉ ቢጫ በሆነ ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነው። ያ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ 5.6 ብቻ ነው። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 1.8 ይከፈታል። በቁጥር ቅርብ ይመስላል፤ በብርሃን ግን ልዩነቱ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። የተንቀጠቀጠ፣ የጠቆረ የሙሽራ ፊትን ከሚያስከፍል ፎቶ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጉድለቱንም ልንገራችሁ፦ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 50 ሚሊሜትር ጠባብ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሁሉንም ቤተሰብ ላንሳ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ለዚያ 18-55ቱን አትጣሉት።

"ዲኤስኤልአር ጊዜው አልፎበታል" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ካኖንም ኒኮንም ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ትኩረታቸው ሚረርለስ ሆኗል። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የማየው። ባለገንዘቦቹ ወደ ሚረርለስ ሲሄዱ የሚሸጡት ካሜራ እኛ ጋ ይደርሳል። የካኖን ሌንሶቹም ነገ በአዳፕተር ሚረርለሱ ላይ ይገባሉ፤ ስለዚህ ሌንስ ላይ ያወጣችሁት አይቀልጥም።

ያገለገለ መግዛት አደጋ አለው። የአክስቴ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ካሜራ የሚያውቅ ሰው ምሳ ጋብዛችሁም ቢሆን ውሰዱ። ሚሞሪ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱና በራሳችሁ ካርድ አንሱበት። ሌንሱን ክፈቱና በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ ተዉት። ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ 16 ላይ አድርጋችሁ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፣ ሊጠረግ ይችላል፣ ግን ዋጋ ያስቀንሳል። ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹበት። ስንት ፎቶ እንዳነሳ ለማወቅ ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ከእነዚህ ካኖኖች ግን በኮምፒውተር ሶፍትዌር ካልሆነ አይገኝም። ሻጩ "5 ሺህ ብቻ ነው ያነሳው" ካለ የት እንዳየው ጠይቁት። ደረሰኝም ጠይቁ። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ቻርጀር፣ በችኮላ የሚሸጥ ካሜራ ባለቤቱ ሌላ ቦታ እያለቀሰ ሊሆን ይችላል።

አብሮት የሚሄድ አዋቂ ያጣ ሰው አዲስ ቢገዛ አልፈርድበትም። ያኔ ግን ከ4000ዲ ይልቅ 2000ዲ ይሁን፤ ቢያንስ ቀለበቱ ብረት ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስሙ አያደናግራችሁ። "ሬብል ቲ7 ይዤልህ እየመጣሁ ነው" ካላችሁ እሱ 2000ዲ ነው። "ቲ100" 4000ዲ ነው። "ቲ5አይ" ብላችሁ ብታስፈልጉ 700ዲን ታገኛላችሁ። ቦርሳ፣ ትሪፖድና ማጣሪያ ታጭቆበት የሚሸጠውን ጥቅል እንዳይገዙ ንገሯቸው፤ ትርፍ የሚባለው ዕቃ አብዛኛው የሚጣል ነው።

"ታዲያ ስልክ አይበቃም?" ለልጅ ልደት ይበቃል። መንገድ ላይም አንዳንዴ ይሻላል፤ ትልቅ ካሜራ ስታወጡ "ፈቃድ አለህ?" የሚላችሁ አይጠፋም፣ ስልክ የያዘውን ማንም አያየውም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ የድሮዎቹን ቤቶች ሳይፈርሱ ከቀረጹት የማውቃቸው ልጆች አብዛኞቹ የያዙት አሮጌ ካሜራ ወይም ስልክ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን "ሌንስ ልቀይርና እወጣለሁ" እያልኩ ነበር። የተማሪነት ቡናዬን የጠጣሁበት ቤት ፎቶ ዛሬ የለኝም።

የአክስቴ ልጅ 4000ዲውን ሸጦ ያገለገለ 700ዲ ከ50 ሚሊሜትሩ ጋር ገዛ። ሲሸጥ 14 ሺህ ብር ከሰረ። ለእናቱ ግን ቀየርኩት እንጂ ከሰርኩ አላላትም፤ እኔም አልነገርኳትም፣ ይህን ቻናል ስለማታነብ። ካለፈው ጥር ጀምሮ ሰባት ሰርግ ሠርቷል፤ አራቱን በረዳትነት፣ ሦስቱን በራሱ። ጣሪያው ክረምቱን በላስቲክ አለፈ፤ ቆርቆሮው ግንቦት ላይ ይገዛል ብለዋል።

ልትገዙት ያያችሁት ካሜራ ካለ ሞዴሉን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።