ላም አለኝ በሰማይ፣ ማይል አለኝ በአየር መንገድ

ባለፈው ሰሞን አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለች አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ጓደኛዬ ነጋዴ ነው። ዱባይና ጓንዡ እየተመላለሰ የሴት ጫማ፣ መጋረጃና የሞባይል ዕቃ ያመጣል። ወሬ ወሬን አንስቶት ከቦርሳው አንዲት ካርድ መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አኖራት። “ይቺን ታያታለህ? ሲልቨር ናት!” አለኝ። የአየር መንገዳችን የሼባ ማይልስ ካርድ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ በበረራ ብዛት ያገኛት ናት። ማይሉን የሚያጠራቅመው ደግሞ ለራሱ አይደለም። እናቱን ዑምራ ሊልክበት ነው።

“አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ” አለኝ፤ “ያ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ሲያልቅ የኔ ማይል እዚያው ይቀጥላል ወይስ እንደገና ከዜሮ ልጀምር ነው?”

መጀመሪያ ሳቅሁ። አየር ማረፊያ ቦታ ስለቀየረ ማይል አይጠፋም፤ ቦሌም ሆነ ቢሾፍቱ አቡሴራ ደብተሩ ያው ነው። ኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ሳቄ ጠፋ። ሰውየው የፈራው ነገር የተሳሳተ ይሁን እንጂ ፍርሃቱስ ልክ ነው። ማይልን የሚያጠፋው የአየር ማረፊያ መቀየር ሳይሆን የባለቤት መቀየር ነው። አየር መንገድ ከአየር መንገድ ሲዋሃድ፣ ድርሻ ሲሸጥ፣ ከአንዱ ማኅበር ወጥቶ ሌላው ጋር ሲገባ ያን ጊዜ ነው የተጠራቀመው ነገር እንደ አዳማ አቧራ ብን የሚለው።

ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ?

ለመሆኑ ማይል ምንድን ነው? ነገሩን በስፋት የጀመረው አሜሪካን ኤርላይንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981። ዘዴው ቀላል ነው። ከእኛ ጋር ደጋግመህ ብረር፣ የበረርከው ይመዘገብልሃል፣ ሲበቃህ ነፃ ቲኬት እንሰጥሃለን። እጅግ ለሚበዛው ደንበኛ ደግሞ ማዕረግ ተፈጠረለት። በእኛው አየር መንገድ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም ይባላል። ማዕረግ ማለት ሰልፍ መዝለል፣ ላውንጅ መግባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጨማሪ ሻንጣ ነው። ፈረንጁ ላውንጁን ይወድ ይሆናል፤ ለሐበሻ ግን ነገሩ ሁሉ ሻንጣ ነው! ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድም ሆነ ከጓንዡ የሚመለስ ነጋዴ፣ ሚዛኑ ላይ ሲደርስ ልቡ የሚመታው በኪሎ ነው።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አየር መንገዶች ደንበኛው ያልተጠቀመበትን ማይል በሂሳብ መዝገባቸው ላይ እንደ ዕዳ ይጽፉታል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደንብ እንደዚያ ያዛል። ገና ያልሰጡት አገልግሎት ነውና ዕዳ ነው። የአባልነቱን ውል ገልጠህ ስታነብ ግን በብዙ ቦታ ቋንቋው ይለወጣል። ማይሉ የአንተ ንብረት አይደለም፣ ደንቡን በፈለግን ጊዜ እንለውጣለን፣ ጊዜው ካለፈ ይቃጠላል ይላል። ለኦዲተሩ ዕዳ ነው፤ ላንተ ግን ስጦታ። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ሲከፋው ይነሳል!

ዋጋ የለውም እንዳይባል፣ በኮቪድ ዘመን የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተኮልኩለው በነበረበት ጊዜ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን ለአበዳሪ አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዴልታም እንዲሁ አድርጎ 9 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። አያችሁ? ለባንክ መያዣ ሲሆን ወርቅ ነው። የመንገደኛው እጅ ላይ ሲሆን ግን ላም አለኝ በሰማይ!

ሠርጉ የነሱ፣ ወጪው የኛ

“ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው” ይላሉ አባቶች። በአየር መንገዶች መንደር ግን ዝሆኖቹ ሲጋቡም ሣሩ ይረገጣል። ምሳሌውን ከዘመድ ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም እጁን ይዞ ያስነሳው ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ያ ያስተማረን ትልቅ ኩባንያ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ጠቀለለው፤ የመንገደኞቹም ማይል ወደ ጠቅላዩ ደብተር ተዛወረ። እነሱስ ዕድለኞች ናቸው፤ ቢያንስ ተዛወረላቸው።

ጣሊያኖቹን እንይ። አሊታሊያ ከስሮ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 አይቲኤ የተባለው አዲስ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር፣ የአውሮፓ ኅብረት በሰጠው ውሳኔ አዲሱ ኩባንያ የአሊታሊያን የማይል ፕሮግራም እንዳይወስድ ተደረገ። ከሮም እየተነሳ ስንት ዓመት ማይል ሲቆጥር የኖረው ደንበኛ አዲሱ አውሮፕላን በር ላይ እንደ እንግዳ ሰው ቆመ።

ሌላው ደግሞ ከሁሉ ያስደንቃል። ጊንስበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የአይሁድ ረቢ በኖርዝዌስት አየር መንገድ የፕላቲነም ማዕረግ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖርዝዌስት ከዴልታ ጋር ሊዋሃድ ሽር ጉድ በሚልበት ወቅት፣ “አቤቱታ አበዙ” ተብለው ከፕሮግራሙ ተባረሩ። ረቢው “ለውህደቱ ወጪ ለመቀነስ ስትሉ ነው ያባረራችሁኝ” ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ለአየር መንገዱ ፈረዱ። የፌዴራሉ የአቪዬሽን ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ ይከለክላልና! ይህ እንግዲህ ፍርድ ቤቱ በተከበረበት አገር ነው።

ማይሉ ቢተርፍ እንኳ ማዕረጉ ይረክሳል። ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ሁለት የጎልድ ሰልፎች አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ከፊት ያለው ወንበር ግን አይጨምርም፤ ላውንጁም ግድግዳውን አይገፋም። ታዲያ አዲሱ አስተዳደር ምን ያደርጋል? ደረጃ ለመውጣት የሚጠየቀውን ከፍ ያደርጋል። ትናንት ጎልድ የነበረው ዛሬ ሲልቨር፣ ሲልቨር የነበረው ከተራው ሕዝብ ጋር ሰልፍ። በቃ!

እኛን ምን አገባን?

“ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጎበዝ፣ ተሳስተሃል። አየር መንገዳችን በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር ተቀላቅሏል። ጥሩ ነገር ነው፤ የአንዱ ካርድ በሌላው ቤት ይሠራል። የሌላው ቤት ግርግር ግን የኛንም ቤት ያናውጣል። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ የአየር ፍራንስና ኬኤልኤም ገንዘብ ከገባበት በኋላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ከስታር አሊያንስ ወጥቶ ስካይቲም ገባ። ስቶክሆልምና ኦስሎ ያለው ወገናችን በኤስኤኤስ የወርቅ ካርድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያገኘው የነበረው የስታር ጎልድ ተጨማሪ ሻንጣ በዚያው ቀረ። ለአክስቱ ሊያመጣ ያሰበው ጫማ መደርደሪያ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የደቡብ ኮሪያው አሲያናም የስታር አባል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በኮሪያን ኤር እጅ ገብቷል፤ ኮሪያን ኤር ደግሞ የስካይቲም ሰው ነው። ኮሪያን ኤር በሴፕቴምበር 2025 ባቀረበው ዕቅድ በበረራ የተገኘ አንድ ማይል ለአንድ ማይል፣ በባንክ ካርድ የተገኘው ግን አንዱ በ0.82 ይመነዘራል ብሏል። ልብ በሉ፤ ኩባንያው ዝም ብሎ አልመነዘረም፤ ዕቅዱን ለአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን አቅርቦ ነው። አሜሪካም እንዲሁ። አላስካ አየር መንገድ ሐዋይያንን ሲገዛ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በሴፕቴምበር 2024 ማይሉ አንድ ለአንድ ይቀየር፣ ማዕረጉም ይጠበቅ ብሎ አስገድዷል።

የኛስ? እኛ ውህደት አናውቅም እንዴ? በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋህዶ አንድ ግሩፕ ሆነ። አብራሪውም፣ ማረፊያውም፣ ላውንጁም አንድ ቤት ገባ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ የአየር መንገዱን ድርሻ በከፊል እሸጣለሁ አለ፤ ኋላ ነገሩን ወደ ጎን ተወው። በ2014 ዓ.ም. አየር መንገዱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በተባለው ጥላ ሥር ገባ። ራሱም ቢሆን በሎሜው አስካይ፣ በማላዊና በዛምቢያ አየር መንገዶች ውስጥ ድርሻ አለው። ነገ አንዱን ሙሉ በሙሉ ቢጠቀልል፣ ወይም ከራሱ ላይ ቆርሶ ለባዕድ ቢሸጥ፣ የአዳማው ነጋዴ ማይል ምን ይሆናል? ማን ጠየቀው? የትኛው ምክር ቤት ተወያየበት?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጥቶ ነበር። ውህደት ይነገር፣ ይመርመር ይላል፤ መልካም። ነገር ግን ማይል በስሙ ተጠርቶ የተጠበቀበትን አንቀጽ ጣቱን ቀስሮ የሚያሳየኝ ሰው ካለ ይምጣ። ይባስ ብሎ አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ራሱ በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ውህደት የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ውህደት በላው! ከዚህ በላይ ቀልድ ከየት ይመጣል?

“ሰው ከመሬቱ እየተነሳ፣ ኑሮ እንዲህ ተወዶ፣ ስለ ማይል ታወራለህ?” የሚለኝም ይኖራል። እውነት አለው። ለቢሾፍቱ ኤርፖርት ሲባል ከእርሻው የተነሳውን ገበሬ ሐዘን ከሲልቨር ካርድ ጋር አላወዳድርም። ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ገበሬ በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚከራከርበት የካሳ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1161/2011። ማይል ላይ ግን የሚከራከሩበት ወረቀት እንኳ የለም። የበሽታው ምንጭ ደግሞ አንድ ነው፤ ትልቁ ወገን ቃል ይገባል፣ ትልቁ ወገን ያጥፋል፣ ትንሹ ወገን በማስታወቂያ ይሰማል።

ማይል የባለጠጋ ነገር ብቻ የሚመስለውም ወደ መናኸሪያችን ብቅ ይበል። ከአርሲ ተነስተው ሪያድና ቤሩት የሚሄዱት እህቶቻችን በፈጣን መንገዱ ቦሌ የሚደርሱት በዚሁ በአዳማ በኩል ነው። አባልነቱ በነፃ መሆኑን የነገራቸው ኤጀንሲ ስንት ነው? የደከሙበት በረራ በስማቸው ሳይመዘገብ ይቀራል። ከባቱ የሚነሳው ጽጌረዳ አውሮፓ በየሌሊቱ ሲበር፣ የምትቆርጠው ልጅ ግን ቦሌን አይታ አታውቅም። በሌላ በኩል በሕዝብ ገንዘብ ከስብሰባ ስብሰባ የሚበረው ባለሥልጣን ማይል የማን ነው? ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ይኸው ጥያቄ ተነስቶ፣ በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለግላቸው አዋሉ የተባሉት ግሪጎር ጊዚና ጄም ኦዝዴሚር ከኃላፊነታቸው ለቀዋል። በኛ አገር ጥያቄውን ያነሳው ማን ነው?

እኔ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ አየር መንገዱ ድርሻ ከመሸጡ ወይም ሌላውን ከመጠቅለሉ በፊት የነባሩ ደንበኛ ማይልና ማዕረግ ሳይሸራረፍ እንደሚቀጥል በሕግ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ደንቡ ሲለወጥ ደንበኛው ያጠራቀመውን የሚጠቀምበት በቂ ጊዜ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ አየር መንገዱ ራሱን ራሱ የሚዳኝበት አሠራር ቀርቶ አቤቱታ የሚሰማ ገለልተኛ አካል ይኑር። አየር መንገዱ የኩራታችን ምንጭ ነው፤ ስንተቸውም የኛ ስለሆነ ነው። ኩራት ግን ለደንበኛ የገቡትን ቃል ማጠፊያ ምክንያት መሆን የለበትም።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ ያልኩት ይህንኑ ነው። “ማይል እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከረምም፤ ይነቅዛል። ጊዜው ሳያልፍ ተጠቀምበት።”

“እናቴ እኮ ለዑምራው ‘ትንሽ ልበርታ’ እያለች ነው” አለኝ።

“እሷ እስክትበረታ ማይልህ ይደክማል” አልኩት። ካርዷን አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተታትና ስልኩን አወጣ። “ሄሎ እማዬ፣ ፓስፖርትሽ የት ነው ያለው?” ሲል ሰማሁት።

ቸር ይግጠመን።