ቀፎው ይቆየን

«ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ ነበር፤ ከጣሊያን የተመለሰችው በ2016 ነው። እሷን አይቶ «እኔስ?» ያለ ወጣት ካለ ይህ እትም ለእሱ ነው። በሪሞት የምትበር የመጀመሪያ ሞዴል ሄሊኮፕተሩን እንዴት መርጦ እንደሚገጥም እናሳያለን።

የብዙ ጀማሪ ዓይን የሚያርፈው ሚ-8 ላይ ነው። እሷ ግን አናቷ ላይ አምስት ተሽከርካሪ ክንፎች አሏት፤ ማመጣጠኑ ልምድ ይጠይቃል። ባለ ሁለት ክንፏ ዩኤች-1 ትሻላለች ባይ ነኝ። እሷንም መጀመሪያ ያለ ቀፎ ገጥማችሁ ማብረር ተለማመዱ። ቀፎውን ከለበሰች በኋላ የላላ ብሎን ማግኘት ከባድ ነው።

ለሚ ላይ፣ ከጀማ ሸለቆ በላይ ለሚያበር ሰው የአየሩ ነገር ይታሰብበት። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለሚም ደጋ ናት። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ የነዳጅ ሞተርም አብሮ ይደክማል። የባትሪ ሞተር ግን ጉልበቱ አይጎድልም። ስለዚህ ባትሪ፣ ረዘም ያለ ክንፍና ቀላል ቀፎ ምረጡ፤ ከገደሉ አፋፍም ራቁ፣ ነፋሱ አይታመንም።

የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል በውስጥ ገጾች ቀርቧል።