መተዳደሪያ ደንብ «ለዛሬ ብቻ» አይታገድም

ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል። ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም፤ የሥራ አመራሩ ዘመንም አብቅቷል። ሰብሳቢው «ለዛሬ ብቻ ደንቡን እንለፈው» ይላሉ። እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። በእድሩም በማኅበሩም፣ በውጭ አገር ኮሚዩኒቲዎቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ደንብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የአጀንዳ ቅደም ተከተልንና የመናገሪያ ደቂቃን የሚወስነው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ለጊዜው ቢነሳ ጉዳት የለውም። ምርጫን፣ የሥልጣን ዘመንንና ምልዓተ ጉባኤን የሚወስነው መተዳደሪያ ደንብ ግን የአባላት ውል ነው። አሜሪካዊው የጦር መሐንዲስ ሄንሪ ሮበርት በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትና በየጊዜው እየታደሰ በርካታ የአሜሪካ ማኅበራት የሚመሩበት የስብሰባ መመሪያም ሁለቱን ይለያል። ሥነ ሥርዓቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይታገዳል፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን ራሱ ካልፈቀደ በሙሉ ድምፅም አይታገድም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደንቡ የሚጠብቀው አዳራሽ የተገኘውን ብቻ አይደለም፤ መዋጮውን ከፍሎ ሥራ ገበታው ላይ የዋለውንም አባል ነው። የቀረ ሰው መብት በተገኙት ጭብጨባ አይሻርም።

ደንቡ አላሠራ ካለ ሕጋዊው መንገድ ማሻሻል ነው፦ ረቂቁን አስቀድሞ ለአባላት ማድረስ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ድምፅ መስጠት፣ ውጤቱን በቃለ ጉባኤ ማስፈር። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ስብሰባ ሲያስቀር እንደታየው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽም ያስፈልጋል። እሱም የሚጻፈው ችግሩ ሳይደርስ ነው። አመራሮች ደንባቸውን ከማገድ ይታቀቡ፤ አባላትም «ለዛሬ ብቻ» ሲባሉ ይህን የሚፈቅደው አንቀጽ የቱ እንደሆነ ይጠይቁ።